መሲሕ አምላክ ከሆነ ለምን ተቀባ? ከጎንደር እስከ ቦሩ ሜዳ

«መሲሕ» ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል ነው። ግሪኮች «ክርስቶስ» ብለው ተረጐሙት፤ የእኛ ሊቃውንት በግዕዝ «ቅቡዕ» ይሉታል። ሦስቱም ትርጉማቸው አንድ ነው፤ የተቀባ። በጥንቶቹ እስራኤላውያን ዘንድ ዘይት በራሱ ላይ የሚፈስለት ንጉሥ ወይም ካህን ነበር። ሰውየው ትናንት እረኛ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ ሲፈስበት ግን ያልነበረውን ሹመት ያገኛል። መቀባት እንግዲህ መቀበል ነው፤ የሌለንን ነገር ከሌላ ማግኘት ነው። ነገሩ የሚከርረውም እዚህ ላይ ነው። ክርስቲያኖች መሲሑ አምላክ ነው ብለው ያምናሉ። አምላክ ከሆነ ታዲያ ምን ይጐድለዋል? ምንም ካልጐደለው ለምን ተቀባ? የቀባውስ ማን ነው?

ጥያቄዋ አጭር ናት፤ የቆሎ ተማሪ እንኳ ሊጠይቃት ይችላል። ይሁንና በአገራችን ታሪክ እንደዚች ብዙ ቀለም ያስፈሰሰች፣ ከቀለምም አልፋ ደም ያስፈሰሰች የሃይማኖት ጥያቄ እምብዛም አናገኝም። ከዐፄ ሱስንዮስ ከሥልጣን መውረድ፣ ከ1624 ዓ.ም. አንሥተን እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ 1870 ዓ.ም. ብንቆጥር 246 ዓመት ይሆናል። በዚያ ሁሉ ዘመን ነገሥታት ጉባኤ ጠርተውባታል፤ ጳጳስ ተሰዶባታል፤ መነኮሳት ሞተውባታል፤ አገር ከአገር ተቀያይሞባታል። (የአገራችንን ዘመን በዓ.ም.፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልን ጽፈናል።)

ይህን ታሪክ እኛ ተማሪዎች ባነሣነው ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ቶሎ ይቀርብልናል። አንደኛው «ሥራ የፈቱ መነኮሳት ስለ አንዲት ቃል ተጣሉ፤ ምኑን አስጠናችሁት?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ትንሽ የተማረ ይመስላል፤ «ሃይማኖቱ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው የጉልት መሬትና የዙፋን ሽሚያ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት የሌለባቸው አይደሉም። ግን ሁለቱም ሳይደክሙ የሚገኙ መልሶች ናቸው። እስቲ ነገሩን ከሥር እንየው።

ጥያቄዋ ጎንደር ላይ አልተወለደችም። በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ አርዮስ የሚባል ቄስ ተነሥቶ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜ ነበር ብሎ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ አወገዘው፤ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ተብሎም ተወሰነ። የአርዮስ ወገኖች ግን በዚያ አላቆሙም። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እግዚአብሔር ንጉሡን ከባልንጀሮቹ አብልጦ እንደ ቀባው የሚናገር ቃል አለ፤ ይህን ይዘው «ይኸው፣ ተሹሟል፤ የተሾመ ደግሞ ከሹመቱ በፊት ያነሰ ነበር» ይሉ ነበር። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ የመለሰላቸው የተቀባው በአምላክነቱ አይደለም፣ ስለ እኛ በለበሰው ሥጋ ነው ብሎ ነው። መቀባቱ ለእኛ እንጂ ለእርሱ አላስፈለገውም ማለቱ ነበር።

ይህ ክርክር ገና በዚያው ዘመን አክሱም ደርሷል። የአክሱምን የመጀመሪያ ጳጳስ ፍሬምናጦስን (አባ ሰላማን) የሾመው ራሱ አትናቴዎስ ነው። ወደ አርዮሳውያን ያዘነበለው የሮም ንጉሥ ቆንስጣንዮስ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ ተመልሶ በእስክንድርያ በአዲሱ ጳጳስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይገኛል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ መሥመር ጸንታ ቀረች። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ብሎ ሲወስን፣ እስክንድርያ እምቢ አለች፤ ኢትዮጵያም ከእስክንድርያ ጋር ሆነች። አምላክነትና ሰውነት ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ «ተዋሕዶ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

በአገራችን ጥያቄዋ ጐልታ የወጣችው ግን ኢየሱሳውያን ከመጡ ወዲህ ነው። ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ገባ፤ ዐፄ ሱስንዮስም በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ዐመፅ፣ ጦርነት፣ በመጨረሻም በሰኔ 1624 ዓ.ም. የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ታወጀና ዐፄ ፋሲል ዙፋኑን ያዙ። ኢየሱሳውያን ተባረሩ። ያነሡት ጥያቄ ግን አብሯቸው አልሄደም። አምላክነትና ሰውነት በተዋሕዶ አንድ ከሆኑ የመንፈስ ቅዱስ መቀባት ምን ጨመረ? በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ጴጥሮስ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ሲናገር ምን ማለቱ ነው? ከባዕድ ጋር ሲከራከሩ አንድ የነበሩት ሊቃውንት ባዕዱ ከሄደ በኋላ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ መልሳቸው የተለያየ ሆኖ አገኙት።

መልሶቹን በአጭሩ እናስቀምጥ። ለአንድ ሊቅ አንድ ቀን ሙሉ የማይበቃውን በሦስት አንቀጽ መጨረሳችንን አንባቢ ይታገሠናል።

የመጀመሪያዎቹ፣ ተዋሕዶዎች፣ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው አሉ። ከተዋሕዶው ሌላ የሚያከብረው ነገር አልፈለገም። መቀባት የተባለውም ራሱ ተዋሕዶው ነው፤ ቀቢው ወልድ፣ ተቀቢው ወልድ፣ ቅብዑም ወልድ ነው። «ወልድ ቅብዕ» የምትለው አጭር ቃላቸው ይህን ሁሉ ትይዛለች። እነዚህን ተቃዋሚዎቻቸው «ካራ» ብለው ሰየሟቸው፤ ልደትን እንደ ቢላዋ ቆርጠው ሁለት ብቻ አስቀሩ ለማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ ቅባቶች ናቸው። አብ ቀቢ፣ ወልድ ተቀቢ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው ይላሉ። ሥጋ ከቃል ጋር በተዋሐደ ጊዜ የባሕርይ ልጅነትን ክብር ያገኘው በመንፈስ ቅዱስ በመቀባቱ ነው ማለት ነው። ለእነርሱ ቅብዐቱን መተው የመጽሐፍን ቃል መተው፣ ከሦስቱ አካላትም የአንዱን ሥራ መዘንጋት ነበር።

ሦስተኛዎቹ ቆየት ብለው ገነው የወጡት የጸጋ ልጅ ባዮች ወይም ሦስት ልደቶች ናቸው። ወልድ ከአብ ያለ እናት ተወለደ፤ ከማርያም ያለ አባት ተወለደ፤ በሰውነቱ ደግሞ በመንፈስ ቅዱስ ተቀብቶ የጸጋ ልጅ ሆነ፤ ይህም ሦስተኛ ልደት ነው አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ከሦስቱ ወገን «መሲሑ አምላክ አይደለም» ያለ አንድም የለም። አርዮስን ሦስቱም ያወግዛሉ። ኬልቄዶንን ሦስቱም አይቀበሉም። መጽሐፋቸው አንድ ነው፤ ቄርሎስንና ሃይማኖተ አበውን ሦስቱም ይጠቅሳሉ። የሚቀድሱት በአንድ ቅዳሴ፣ የሚጾሙት በአንድ ቀን ነው። ክርክሩ መሲሑ አምላክ ነው ወይስ አይደለም በሚል ሳይሆን፣ አምላክ የሆነው ያው አንዱ እንዴት «የተቀባ» ሊባል ይችላል በሚል ነበር። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው የጎንደርን ዘመን ጭቅጭቅ የካዱና ያልካዱ ሰዎች ጠብ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን የሚመስለን የአንድ ቤት ልጆች ጠብ ነው፤ የወንድማማች ጠብ ደግሞ ከባዕድ ጠብ ይከፋል።

ታዲያ ያን ያህል የሚያጣላ ምን ነበረው? እያንዳንዱ ወገን የፈራውን ነገር ብንጠይቅ መልሱ ይቀርባል። ተዋሕዶው የፈራው «ተቀበለ» የምትለዋን ቃል ነው፤ ተቀበለ ካልን ጐድሎት ነበር ልንል ነው፤ በፊት በር ያስወጣነው አርዮስ በጓሮ ይገባል። ቅባቱ የፈራው መንፈስ ቅዱስ ከመሲሑ ታሪክ ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀር ነው። የጸጋው ወገን ደግሞ የፈራው፣ የመሲሑ ሰውነት ምንም ያልተቀበለ ከሆነ የእኛ ሰውነት መሆኑ እንዳይቀር ነው። እኛ ሁሉን የምናገኘው በጸጋ ነው፤ በኩራችን እርሱ በጸጋ ካልቀደመን እኛ በምን እንከተለዋለን? እንዲህ ሲታይ ሦስቱም ፍርሃት የሚያስቅ አይደለም። «ስለ አንዲት ቃል ተጣሉ» የሚለው ፌዝ ይህን ሳያይ የሚያልፍ ነው። በዚያች ቃል ላይ የተንጠለጠለው ሰው ከአምላክ ጋር ያለው ተስፋ ነበርና።

የሚገርመን ሌላ ነው። ጎንደር የአንድምታ ትርጓሜ ያበበባት ከተማ ናት። በዚያ ወንበር የተቀመጠው የኔታ አንዱን ጥቅስ ያነብና «አንድም» እያለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ፍቺ ይደረድራል። ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይይዛል፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አያባርረውም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ የአንዷ ጥቅስ ሁለት ፍቺ አብሮ መኖር አልቻለም። ለምን? ትምህርት ቤቱ ለአንድም ቦታ ነበረው፤ ጉባኤው ግን አልነበረውም። ጉባኤው የሚጠራው በንጉሥ ነው፤ የሚያልቀውም በአዋጅ ነው። ከአዋጅ በኋላ አንዱ ወገን ረቺ፣ ሌላው ወገን ተረቺ ነው። ተረቺው ደግሞ ተሳስተሃል ብቻ አይባልም፤ ከቤተ መንግሥት ይርቃል፣ ሹመቱን ያጣል።

ስለ ሥልጣን የሚነሣው መልስ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ነው። ሁለቱ ታላላቅ የምንኩስና ቤቶች፣ የተክለ ሃይማኖትና የኤዎስጣቴዎስ፣ ከዚህ ክርክር በፊትም ይፎካከሩ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ አለው፤ የኤዎስጣቴዎስ ቤት ደግሞ በጎጃም ብርቱ ነው። በጎንደር ዘመን መጀመሪያ ደብረ ሊባኖስ ከተዋሕዶ፣ የኤዎስጣቴዎስ ቤት ከቅባት ጋር ቆሙ። ነገሥታቱም አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ተመላለሱ። ቀዳማዊ ኢያሱ (1674–1698 ዓ.ም.) ከደብረ ሊባኖስ ጋር ሆኑ። ቴዎፍሎስ (1700–1704 ዓ.ም.) ወደ ቅባት አዘነበሉ። በሣልሳዊ ዳዊት ዘመን (1708–1713 ዓ.ም.) የቅባት ሃይማኖት በጎንደር ታወጀ፤ አንቀበልም ያሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በንጉሡ ወታደሮች ተገደሉ። አንድ ንጉሥ ያወጀውን ሌላው ይሽራል፤ የተሻረው ወገን ደግሞ የሚቀጥለውን ንጉሥ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን ክርክሩ ሊያልቅ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ቆየት ብሎ የጸጋው ትምህርት ከዚያው ከደብረ ሊባኖስ ቤት ውስጥ በረታ። ዘመነ መሳፍንት (1761–1847 ዓ.ም.) ሲመጣ የሃይማኖቱ ካርታና የአገሩ ካርታ ተቀራረቡ። ጎጃምና ላስታ በአብዛኛው ቅባት፣ ትግራይ ካራ፣ ጎንደርና ሸዋ ደግሞ በአብዛኛው የጸጋ ወገን ሆኑ። «በአብዛኛው» የምንለው ሆን ብለን ነው፤ በየአገሩ ውስጥ ከጎረቤቱ የተለየ ገዳምና መንደር አይጠፋም ነበርና። ሆኖም አንድ ሰው «ወልድን ምን ትለዋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሃይማኖቱን ብቻ ሳይሆን አገሩንና ጌታውንም የሚናገር ሆነ። በ1834 ዓ.ም. ከግብጽ የመጡት አቡነ ሰላማ የእስክንድርያን እምነት ይዘው ከካራው ጋር ስለ ቆሙ ከጎንደር ሊቃውንት ጋር ተጋጩ፤ በ1838 ዓ.ም. ከጎንደር ተባረው ወደ ትግራይ ሄዱ። የተመለሱት ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሚባሉት ከደጃዝማች ካሣ ጋር ተስማምተው ነው። በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ ተዋሕዶ ታወጀ፤ ካሣም በየካቲት 1847 ዓ.ም. በእኚሁ ጳጳስ እጅ ነገሡ። ጳጳሱ ያለ ካሣ ወንበር አልነበራቸውም፤ ካሣም ያለ ጳጳሱ ዘውድ አልነበራቸውም።

የመጨረሻው ቦሩ ሜዳ ነው፤ ከደሴ አጠገብ ያለው የወሎ ሜዳ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በልቼ ካስገበሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ጉባኤውን ጠሩ። ጳጳሱ አቡነ አትናቴዎስ ቀደም ብለው ስላረፉ በአገሩ ጳጳስ አልነበረም። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሦስት ልደትም ተወገዘ። ምኒልክ በግዛታቸው ብዙ የጸጋ ወገን ሊቃውንት ቢኖሯቸውም ውሳኔውን ተቀበሉ። እምነታቸውን አንለውጥም ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ ሰዎች እንደ ነበሩ የዘመኑ ጽሑፎች ያወሳሉ።

ጉባኤው በክርስቲያኖች ብቻ አላበቃም። አንድ መንግሥት፣ አንድ ሃይማኖት የሚለው ሐሳብ ወዲያው ወደ ወሎ ሙስሊሞች ዞረ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት የልጅ ኢያሱ አባት እኚህ ናቸው። ሕዝቡም ክርስትና እንዲነሣ የጊዜ ገደብ ተሰጠው። እምቢ ያለው ብዙ ነበር፤ እንደ ሸኽ ጦልሃ ያሉ መሪዎች ተነሥተው ተዋጉ፤ ብዙ ሰውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። «መሲሑ እንዴት ተቀባ?» በሚል የተጀመረ የክርስቲያኖች ክርክር መሲሑን እንደ ነቢይ እንጂ እንደ አምላክ የማያየውን ገበሬ ቤት አፈረሰ። ክርክርን በአዋጅ መዝጋት የለመደ እጅ የሚያቆምበትን ወሰን አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ቀላል መልሶች እንመለስ። ሁሉ የሥልጣን ሽፋን ነው የሚለው ወዳጃችን አንድ ነገር ያስረዳን። ነገሩ ጥቅም ብቻ ከነበረ ያ በቦሩ ሜዳ የቆመ መነኩሴ ምን አስጨነቀው? «እሺ» ቢል ምላሱም ጉልቱም ይተርፍለት ነበር። ለጥቅም የሚከራከር ሰው ጥቅሙ ሲያልቅ ዝም ይላል፤ እርሱ ግን ዝም አላለም። በሌላ በኩል ነገሩ ንጹሕ የሃይማኖት ፍቅር ብቻ ነበር የሚሉን ደግሞ ይህን ያስረዱን። እውነት በአባይ ወዲያና በአባይ ወዲህ የምትለያየው እንዴት ነው? የጎጃም ሊቅ ሁሉ ቅባት፣ የትግራይ ሊቅ ሁሉ ካራ ሆኖ የተገኘው መጽሐፉን በተለያየ ዓይን ስላነበበ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ጥያቄዋ እውነተኛ ናት፤ መሲሕ አምላክ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገናኛታል። እምነቱን የያዘው ሕዝብም ከልቡ ነው። ጥፋቱ የመጣው መልሷ የአንድ አገርና የአንድ ጌታ መታወቂያ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ «ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ሐሳብ መለወጥ መሆኑ ይቀራል፤ ወገንን መክዳት ይሆናል። ወገኑን ላለመክዳት የሚከራከር ሰው ደግሞ አይሰማም፤ ተራውን ይጠብቃል እንጂ።

ቦሩ ሜዳ ክርክሩን ዘጋው እንላለን፤ መልሱን ግን የሰጠው ለአፍ ነው። ቅባት የሚለው ስም በጎጃም ዛሬም አልተረሳም። የሦስቱንም ወገን ክርክር በቃላቸው የሚያውቁ የኔታዎች በየገዳሙ ጥቂት አሉ፤ የተረቺዎቹን ማስረጃ አሸናፊዎቹ ከጻፉት ውስጥ ብቻ መፈለግ ደግሞ ከከሳሹ አፍ የተከሳሹን ቃል እንደ መስማት ነው። ከጎጃም፣ ከላስታ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይና ከወሎ የመጣን ተማሪዎች ክረምት ላይ ወደ የአገራችን ስንገባ እንጠይቃቸው፤ የሚሉትንም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጻፍ። ስንጠይቅ ግን ማን ረታ ብለን አንጀምር። ምን ፈርታችሁ ነበር ብለን እንጀምር።